ሽጉጥ ስትገዙ ስሙን ነው ወይስ ዋጋውን የምታዩት?

ሽጉጥ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ማርካ ይሻላል?" ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ጎዶሎ ግን ነው። ማርካ አይተኮስም። የሚተኮሰው አንድ ሞዴል ነው፤ በሆነ ዓመት የተሠራ፣ የሆነ ካዝና (የጥይት መያዣ) የገባበት፣ የሆነ ጥይት የጎረሰ። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ የፋብሪካው ስም ምንም አያደርግላችሁም።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። እጅግ ርካሹን ተዉት። እጅግ ውዱንም ገንዘብ ካልተረፋችሁ ተዉት። መሃል ላይ ካሉት የታወቁ ሞዴሎች አንዱን ያዙና የተረፈውን ለካዝና፣ ለጥይትና ለልምምድ አውሉት። የምጽፈው ፈቃድ ላለውና ያለበት ሀገር ሕግ ለፈቀደለት ሰው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንጋፋ ስም ዋስትና ነው?

ቤሬታ ከ1526 ጀምሮ የጦር መሣሪያ ሲሠራ የኖረ ቤት ነው። ግሎክ ደግሞ በ1980 ላይ አንድም ሽጉጥ ሠርቶ አያውቅም። ጋስተን ግሎክ የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላ የሚያመርት ሰው ነበር። የኦስትሪያ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ ውድድሩ ውስጥ ገባ፣ በ1982 ግሎክ 17 ተመረጠ። አካሉ ፕላስቲክ ስለሆነ ያላሾፈበት አልነበረም። (የመጀመሪያው የፕላስቲክ ሽጉጥ እንኳን እሱ አይደለም፤ ሄክለር ኤንድ ኮክ በ1970 ቪፒ70ን አውጥቶ ነበር፣ ግን ብዙም አልሄደለትም።) ዛሬ በየሀገሩ ስንት ፖሊስ ግሎክ ታጥቆ እንደሚዞር ታውቃላችሁ።

ቤሬታስ? በ1985 የአሜሪካ ጦር ቤሬታ 92ን ኤም9 ብሎ ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ ብዙ ሺህ ጥይት በተኮሱ አንዳንድ ሽጉጦች ላይ ስላይዱ፣ ማለትም ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት፣ ተሰብሮ የኋላ ግማሹ ወደ ተኳሹ ፊት መጣ። ሰው ተጎዳ። ጥፋቱ የብረቱ ነው፣ የለም የጥይቱ ግፊት ነው እየተባለ ብዙ ተጨቃጨቁ። ቤሬታ የመዶሻውን ማያያዣ ዘንግ ጭንቅላት አሰፋውና ስላይዱ ቢሰበር እንኳ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ አደረገ። 92ኤፍኤስ የሚባለው ይሄ የተስተካከለው ነው፤ እኔ በበኩሌ ከብረት ሽጉጦች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ያገለገለ ቤሬታ ስትገዙ ግን መጨረሻ ላይ ያሉት ፊደላት ዋጋ አላቸው ማለት ነው። ስሙ ያው ቤሬታ፣ ዕቃው ግን ሌላ።

ሲግ ሳወርም እንዲሁ ነው። ፒ226 የተባለው ሞዴላቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተመሰገነ፣ በልዩ ኃይሎች እጅ የኖረ ሽጉጥ ነው። ፒ320 የሚባለው ግን በ2017 በሆነ ማዕዘን ሲወድቅ እንደሚተኩስ ታየና ኩባንያው ምላጩን ጨምሮ የውስጥ ክፍሎቹን በነጻ መቀየር ጀመረ። ከዚያም በኋላ "ምላጩን ሳልነካው ተኮሰ" የሚሉ ክሶች ቀጥለዋል፣ ኩባንያውም አልቀበልም እንዳለ ነው። ያገለገለ ፒ320 የሚሸጥላችሁ ሰው ክፍሎቹ መቀየራቸውን ማሳየት ካልቻለ እለፉት። ፒ226 ለሚገዛ ሰው ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አይመለከተውም።

ታውረስን ብዙ ሰው በአንድ ቃል ይጥለዋል። የብራዚሉ ኩባንያ በ1980 ቤሬታ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የነበረውን ፋብሪካ ከነማሽኑ ገዛና ፒቲ92ን መሥራት ጀመረ፤ ጥሩ ሽጉጥ ነው። በኋላ ያወጣቸው ዘጠኝ ሞዴሎች ግን ሲወድቁ ይተኩሳሉ ተብሎ አሜሪካ ውስጥ በ2013 ተከሰሰ፣ ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ጨረሰው። እነዚያ አሮጌ ሞዴሎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ፣ ርካሽም ናቸው። ለምን እንደረከሱ አሁን ገብቷችኋል።

ዋጋ ማለት የተለጠፈው ቁጥር ብቻ አይደለም

የአሜሪካ ጦር ኤም9ን ሲመርጥ ፈተናውን አልፈው መጨረሻ የደረሱት ሁለት ነበሩ፤ ቤሬታ 92 እና ሲግ ፒ226። አንዱን ሽጉጥ ብቻ ብታዩ ሲጉ በትንሹ ይረክስ ነበር። ካዝናውና መለዋወጫው ሲደመር ግን ቤሬታው ረከሰና አሸነፈ። በ2017 ጦሩ ኤም9ን የሚተካ ሽጉጥ ሲመርጥ ነገሩ ተገለበጠ። ሲግ ለፒ320 ያቀረበው ጠቅላላ ዋጋ 169.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የግሎክ 272.2 ሚሊዮን ነበር። ግሎክ አቤት አለ፣ አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

እኛ በሚሊዮን አንገዛም፣ ስሌቱ ግን ያው ነው። ሽጉጥ የምትገዙት አንዴ ነው። ጥይት የምትገዙት ሁልጊዜ ነው። በወጉ የሚለማመድ ሰው ጥቂት ሺህ ጥይት ሲተኩስ ለጥይት ያወጣው ገንዘብ የሽጉጡን ዋጋ ያልፈዋል። ስለዚህ ሁለት ሽጉጦች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ መስሎ የሚታየው ገና ቆጣሪው ፊት ስትቆሙ ነው፣ በዓመቱ ብታዩት ያን ያህል አይደለም። በዚህ ስሌት ርካሹን ገዝቶ በየጊዜው የሚጠግን ሰው ይከስራል፤ ውዱን ገዝቶ ለጥይት የሚሆን ሳንቲም ያጣም እንዲሁ።

መለዋወጫም አለ። የስላይዱ ሞላ ይደክማል፤ እንደ ሞዴሉ ከ3,000 እስከ 5,000 ጥይት ባለው ውስጥ ይቀየራል። ለግሎክ፣ ለሲዜድ፣ ለቤሬታ፣ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤምኤንድፒ ሞላም ካዝናም አፎትም ማግኘት አይቸግርም። ብርቅዬ ሽጉጥ ይዛችሁ አንዲት ትንሽ ሞላ ስትፈልጉ ግን ወራት ያልፋሉ። ይሄ ነጥብ ብቻውን ብዙ "ጥሩ አጋጣሚ" የተባሉ ሽጉጦችን ከዝርዝሬ ያስወጣል።

ርካሽ ሆነው የሚያዋጡ፣ ርካሽ ሆነው የማያዋጡ

ታች ያሉትን እንይ። እጅግ ርካሾቹ ሽጉጦች ስላይዳቸው ከብረት ሳይሆን ከዚንክ ቅልቅል ይቀለጣል። በርሜሉ ሲተኮስ ከስላይዱ ጋር አይቆለፍም፤ ግፊቱን የሚይዘው የስላይዱ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስላይዱ የግድ ግዙፍ ይሆናል። የአሜሪካው ሃይ ፖይንት ሲ9 ለምሳሌ 820 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ የሚይዘው 8 ጥይት ነው። ግሎክ 17 ባዶውን ያለ ካዝና 630 ግራም ገደማ ሆኖ 17 ይይዛል። ሃይ ፖይንት ይተኩሳል፣ ፋብሪካውም ለዕድሜ ልክ በነጻ ይጠግናል። እውነት ነው። ግን ጥገናው ፋብሪካው ላለበት ሀገር ሰው ነው የሚጠቅመው፤ ወገብ ላይ ያለው ጡብ ደግሞ ለሁላችንም ጡብ ነው።

ከዚያ ከፍ ስትሉ ነገሩ ይጣፍጣል። ሲዜድ 75 በ1975 ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ ወጣ። ዲዛይኑ በሀገር ውስጥ በምስጢር ስለተመዘገበ ውጭ ሀገር መብቱን የሚያስከብርለት አልነበረም፣ ስለዚህ ዓለም ገለበጠው። የጣሊያኑ ታንፎሊዮ፣ የእስራኤሉ ጄሪኮ 941፣ ቻይናው፣ ቱርኩ፣ ሁሉም ከዚያ ምንጭ ጠጥተዋል። ቅጂ ሁሉ መናኛ ነው የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። የተፈተነ አሠራር በጥሩ ማሽን ሲገለበጥ ጥሩ ሽጉጥ ይወጣል።

ቱርኮቹ የተነሱት በዚህ መንገድ ነው። ሳርሲልማዝ ከ1880 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ጊርሳን የቤሬታ 92 መንትያ የሆነ ሽጉጥ ይሠራል። ቲሳሽ 1911 የተባለውን የአሜሪካ ሽጉጥ ቅጂ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጃኒክ ደግሞ ቲፒ9 የተባለውን መስመር የጀመረው የጀርመኑን ዋልተር ፒ99 አሠራር ይዞ ነው፤ ምላጩ ከብዙ ውድ ሽጉጦች ይለሰልሳል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ከታወቀ ማርካ ያለቀለት ሽጉጥ ከመግዛት አዲስ ጃኒክ እመርጣለሁ። የቱርኮቹ ችግር ሌላ ቦታ ነው። ሞዴል ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ። የዛሬ አምስት ዓመት የወጣው ካዝና ዛሬ ለወጣው ላይሆን ይችላል። ስትገዙ ትርፍ ካዝናውንና ሞላውን በዚያው ቀን ግዙ።

የላይኞቹስ? ሄክለር ኤንድ ኮክ ዩኤስፒን በ1993 ሲያወጣ እጅግ ጠንካራ አድርጎ ሠራው ይባልለታል፣ እኔም አልክድም። ግን ለመደበኛ ተኳሽ ከግሎክ ወይም ከሲዜድ ፒ10 ያነሰ ይነክሳል፣ ማለትም ጥይት ይይዝበታል፣ ማለት ከባድ ነው። እነሱም አይነክሱማ። በዚህ ደረጃ ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው ለእጅ የሚመች መያዣ፣ ጥራት ያለው ማነጣጠሪያ፣ ንጹሕ ምላጭ፣ የብረቱን ቅብ ነው። ደስ ይላል። የግድ አይደለም።

እንዲያውም ገንዘብ አንዳንዴ ይጎዳል። በእጅ የተሠሩ ውድ 1911ዎች ክፍሎቻቸው አንዱ በአንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይገጥማል፤ ለዒላማ ውድድር ይሄ ወርቅ ነው። አቧራና ጥላሸት ሲገባበት ግን ያ ጥብቀት ራሱ ያንቀዋል። የጆን ብራውኒንግ የመጀመሪያው 1911 ላላ ያለ ነበር። ከመመረጡ በፊት 6,000 ጥይት ያለ እንከን ተኩሷል፤ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ነበር የሚያቀዘቅዙት። ዋናው ከቅጂውም ከቅንጦቱም በልጦ የተገኘው በላላነቱ ነው።

ካዝናው ነው እንጂ ሽጉጡ ምን በደለ

ሽጉጥ ነከሰ ሲባል አሥር ጊዜ ስሙ የሚጠፋው የሽጉጡ ነው። ጥፋተኛው ግን ብዙውን ጊዜ ካዝናው ነው። የካዝናው የላይኛው ከንፈር ትንሽ ከተጣመመ ጥይቱ ወደ በርሜሉ የሚገባበት ማዕዘን ይበላሻል። የካዝናው ሞላ ከደከመ ጥይቱ ስላይዱ ከመመለሱ በፊት አይደርስም።

ኢራቅ ውስጥ ኤም9 በአሸዋ ይነክሳል ተብሎ ስሙ ሲነሳ የሆነው ይሄው ነው። ጦሩ ካዝናዎቹን ከሌላ አምራች አሠርቶ ነበር፣ የብረቱ ቅብ ሻካራ ነበር፣ ደቃቁ አሸዋ እዚያ ሻካራ ላይ ተጣበቀ፣ ጥይት የሚገፋው ሳህን አልወጣ አለ። ካዝናው ሲቀየር ሽጉጡ ሠራ። ስለዚህ የትም ብትቆጥቡ ካዝና ላይ አትቆጥቡ። የፋብሪካው የራሱ አርማ ያለበትን ግዙ። ለቤሬታና ለሲዜድ መክጋር የሚባለው የጣሊያን ካዝናም ይታመናል።

ቀጥሎ ጥይቱ። 9 ሚሊ ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በ1902 የወጣው 9 በ19 አለ፣ ማካሮቭ የሚጎርሰው 9 በ18 አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም፣ የማካሮቩ እርሳስ በስፋትም ይበልጣል። ማካሮቭ በ1951 ሶቪየቶች የተቀበሉት፣ 730 ግራም የሚመዝን፣ 8 ጥይት የሚይዝ፣ በጣም ቀላል አሠራር ያለው ጠንካራ ሽጉጥ ነው። ርካሽ ካገኛችሁት ግን መጀመሪያ ጥይቱ እናንተ ያላችሁበት ሀገር እንደልብ ይገኝ እንደሆነ አረጋግጡ። .40 የሚባለው የጥይት ዓይነትም እንዲሁ ነው። ኤፍቢአይ በ2016 ከግሎክ ጋር ውል ገብቶ ወደ 9 በ19 ሲመለስ ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶችም ተመለሱ፣ ስለዚህ ያገለገሉ .40 ሽጉጦች ረከሱ። ሽጉጡ ርካሽ፣ ጥይቱ ውድ፣ ርግጫው ከባድ። ለጀማሪ አልመክርም።

ትንሽ ሽጉጥ ይሻለኛል የሚል ሰውም አለ። ትንሽ ስትሆን ስላይዱ የሚሄድበት ርቀት ያጥራል፣ ሞላው ይጠነክራል፣ ለጥይቱ የሚተርፈው ጊዜ ይቀንሳል። አንጓው የላላ ሰው ሲተኩሳት ቀለሁ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይያዛል። አይታችሁት ታውቁ ይሆናል፤ ስላይዱና በርሜሉ መሃል እንደ ጭስ ማውጫ የቆመ ቢጫ ቀለህ። በዚያው ፋብሪካ፣ በዚያው ዋጋ እንደ ግሎክ 19 መካከለኛ መጠን ያለውን ብትወስዱ ያ ችግር አብዛኛውን ጊዜ አይገጥማችሁም። የኪስ ሽጉጥ የባለሙያ ሽጉጥ ነው።

ያገለገለ ስታነሱ

ከፖሊስ እጅ የወጡ ሽጉጦች ለእኔ ገበያው ላይ ካሉት ሁሉ የተሻለ ድርድር ናቸው። ውጫቸው ከአፎት ጋር እየተፋተገ ያረጃል፣ ውስጣቸው ግን ብዙ አይተኮስም። ሻጩ እያየ አንሱት። ካዝናውን አውጡ። ስላይዱን ሳቡና የጥይት ጎሬው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጉ። ስላይዱን ከፍታችሁ የጥይቱ መቀመጫ የሚገጥምበትን ጠፍጣፋ ፊት እዩ፤ መሃሉ ላይ መምቻ መርፌው የሚወጣባት ቀዳዳ ዳሯ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ዳሯ ከተበላ ብዙ ተኩሷል ወይም መጥፎ ጥይት ጎርሷል። ቀለሁን የምትጎትተዋን ጥፍር በጣት ነካ አድርጉ፣ ጫፏ ከተሸረፈች ቀለሁን አትይዘውም። በርሜሉን በብርሃን እዩት፤ ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት፣ መሃል ላይ ጥቁር ቀለበት ካለ በርሜሉ በአንድ ቦታ አብጧል፣ ተዉት። ከዚያ በሻጩ ፈቃድ ባዶውን ምላጩን ሳቡና ሳትለቁ ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ መልሱ፣ ከዚያ ምላጩን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ቀጭ ብሎ ሲመለስ ይሰማል። ካልተመለሰ የውስጡ ነገር ተነካክቷል ማለት ነው።

ቁጥሩን አትርሱ። ግሎክ ላይ የሽጉጡ ቁጥር ሦስት ቦታ ይጻፋል፤ አካሉ ላይ፣ ስላይዱ ላይ፣ በርሜሉ ላይ። ካልተመሳሰለ ከሁለት ሽጉጥ የተቀጣጠለ ነው። የተፋቀ ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ስለ ዋጋ አትከራከሩ፤ አስቀምጣችሁት ውጡ። አርማ በየትኛውም ወርክሾፕ ይቀረጻል፤ ፓኪስታን ዳራ ውስጥ የየትኛውንም ፋብሪካ ስም በእጅ ቀርጸው ይሸጣሉ። ፈቃድ ካለው ነጋዴ መግዛት የሚጠቅመው ለሕጉ ብቻ አይደለም፣ ቁጥሩን ፋብሪካው ድረስ መጠየቅ ስለሚቻል ነው።

አውሮፓ የተሠሩት ላይ የምታዩት ትንንሽ ማኅተም የፈተና ምልክት ነው። ሲአይፒ በሚባለው ሥርዓት አባል ሀገሮች እያንዳንዱ ሽጉጥ ከመሸጡ በፊት ከመደበኛው ጣሪያ በ30 በመቶ የበለጠ ግፊት ባለው ጥይት ይፈተናል። ማኅተሙ አይፈነዳም ይላችኋል። አይነክስም አይላችሁም።

እሱን የምታውቁት ራሳችሁ ተኩሳችሁ ነው። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ቢያንስ 200 ተራ ጥይት ተኩሱበት፣ ከዚያ ሁልጊዜ ልትይዙት ካሰባችሁት ጥይት 50። ካዝናዎቹን በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉባቸው። በነከሰ ቁጥር የትኛው ካዝና እንደነበረ መዝግቡ። ሁልጊዜ 2 ቁጥር ከሆነ ካዝናውን ጣሉት፣ ሽጉጡን አትሳደቡ። በየካዝናው የሚነክስ ከሆነ ጥይቱን ቀይሩ። ጥይቱ ተቀይሮም ካልተወ፣ ስሙ ምንም ይሁን ዋጋው ምንም ይሁን፣ ዋስትናው ሳያልፍ መልሱት።